የበዓል ቅኔና ፈቺው

በጎጃም አድባራት በዓል በደረሰ ጊዜ ባለቅኔው የሚያቀርበው ለዕለቱ የታሰበ አዲስ ድርሰት ነው። ትናንት የተባለውን መድገም ለባለቅኔ ነውር ነው። ሰሚውም ቅኔው ሲዘረፍ ወዲያው ሰሙን ከወርቁ መለየት ይጠበቅበታል።

የሊቃውንት ትውፊት የትምህርቱን መስፋፋት በ15ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከዮሐንስ ገብላዊና ከጎጃሙ ተዋነይ ጋር ያያይዘዋል። ከዚያም ወዲህ ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸውን የቅኔ መንገድ አበጁ፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ተማሪ ከሩቅ የሚመጣባቸው ጉባኤያት ሆኑ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ግን 8 ቤት ስላለው ፈቺውን ብዙ ያደክማል።

ቅኔው በግዕዝ ቢሆንም አፈታቱን በአማርኛ ምሳሌ እናሳይ። ለመስከረም 17 በዓል «የክረምቱ ጉም ሲገፈፍ አደይ አበባ ታየ» ቢባል፥ ሰሙ የወቅቱን መለወጥ ይናገራል። ወርቁ ግን ሌላ ነው። ጉሙ በጎልጎታ የተከመረው ጉድፍ ሲሆን፥ አበባው እንደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ንግሥት ዕሌኒ በ4ኛው መቶ ዓመት አስቆፍራ ያገኘችው መስቀል ነው። ስለዚህ ቃሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ታሪኩንም ማወቅ ያስፈልጋል።

በጽሑፍ ያልተያዘ ቅኔ ከሰሚው ልብ በቀር ማደሪያ የለውም። እንግዲህ በበዓል ቀን በቅኔ ማኅሌቱ የምትቆሙ ሁሉ፥ ሰሙን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ወርቁ ሳይፈታ የቀረ ቅኔ ከነታሪኩ ይቀበራልና።