ሣህል የነገሥታት ስም ነበር

የርኅራኄ ስም ለሴት፣ የጉልበት ስም ለወንድ የሚለው ልማድ ከየት መጣ? ሴቷን ቤዛ፣ ምሕረት እንላለን፤ ወንዱን በላቸው፣ ደምሰው፣ አሸብር። (ቸርነትና ምሕረቱ አሉ፤ አሁን ለሚወለድ ሲወጡ ግን ብዙም አልሰማም።)

የሸዋ ቤተ መንግሥት እንዲህ አልነበረም። ሣህል በግእዝ ይቅርታ፣ ምሕረት ነው። ንጉሡ ሣህለ ሥላሴ ተባሉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ሆኑ፤ ስሙ ወደ ኃይል ዞረ። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ግን የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉት ዐፄ ምኒልክ እኚሁ ናቸው። የምሕረት ስም መያዝ ጦር ከመምራት አላገዳቸውም።

ልብ በሉ፤ ሣህለ ማርያም ማለት “ልጁ ሩኅሩኅ ይሁን” ማለት አይደለም። ልጁ ራሱ ለወላጆቹ የተደረገ ምሕረት ነው ማለት ነው። ሕፃኑ ምንም አልታዘዘም። ቤዛ ይከብዳል። በቤተ ክርስቲያን ቃሉ የክርስቶስ ነው፤ ለልጅ ብቻውን ሲወጣ ግን “ስለ ሌላው ራስሽን ስጪ” የሚል ይመስላል። እሷ ቤዛ፣ ወንድሟ በላቸው ከተባሉ፣ በዚያ ቤት ማን ለማን እንደሚኖር ገና በክርስትናቸው ቀን ተነግሯል።

ወንድ ልጅ ለምትጠብቁ፦ ሣህሉ የሚለው ስም ዛሬም አለ።