ዜና ሥዕሉ ለፍሬድሪክ በርናቢ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በናንት ከተማ የተወለደው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ጄምስ ቲሶ የሻምበል ፍሬድሪክ በርናቢን ሥዕለ ገጽ፣ ይኸውም የአንድን ሰው መልክና ጠባይ ለትውልድ የሚያቆይ ሥዕል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ሣለ። በርናቢ በ1842 በቤድፎርድ ከባለ ርስት ቄስ የተወለደ የባላባት ልጅ ሲሆን፣ በ1859 ሮያል ሆርስ ጋርድስ ወደተባለው የንግሥቲቱ ክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ጦር ገብቶ፣ ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር በመሆኑና በጉልበት አቻ የለውም በመባሉ ዝናው በሎንዶን ወጥቶ ነበር። ሠዓሊውንና ወታደሩን ያቀራረበው ቫኒቲ ፌር የተባለው ጋዜጣ ነው፤ ቶማስ ጊብሰን ቦውልስ በ1868 ሲያቋቁመው በርናቢ በገንዘብ ረድቶታል፣ ቲሶም የታላላቅ ሰዎችን አስቂኝ ምስል ይሥልለት ነበርና።

በዚያ ዘመን የጦር መኳንንት በፈረስ ላይ ወይም ሰይፍ ታጥቀው በትልቅ ሸራ መሣልን ያዘወትሩ ነበር፤ ቲሶ ግን ይህን ግዙፍ ሰው ወርዱ 60፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ሰሌዳ አግብቶ፣ የብረት ጥሩሩንና ባለ ጎፈር ራስ ቁሩን አስወልቆ፣ በዘወትር የደንብ ልብሱ በአበባማ ጨርቅ በተሸፈነ ሶፋ ላይ ሲጋራ እንደያዘ አጋድሞ ሣለው። ቀይ ጥለት ያለው ሱሪ የለበሰው ረጅም እግሩ ሥዕሉን አቋርጦ ሲዘረጋ የሰውየው ቁመት ያለ አንዳች ግነት ይታወቃል፤ የሠዓሊው ብልሃት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይደነቃል። ከኋላው የተሰቀለውን የዓለም ካርታ የመጪው ጉዞ ትንቢት ማድረግ አይገባም፤ ሆኖም ቲሶ የበርናቢ ልብ ወዴት እንደሚያዘነብል በሚገባ አስተውሏል።

ከዚህም በኋላ በርናቢ በ1875 ክረምት፣ ብርዱ በጸናበት ወራት፣ ሩስያ ከሁለት ዓመት በፊት ድል ወዳደረገቻት ወደ ኪቫ በፈረስ ተጓዘ፣ በ1882ም በአየር ፊኛ የእንግሊዝን ባሕር ወሽመጥ ተሻገረ። በመጨረሻም በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን ከተላከው ጦር ጋር ሱዳን ዘምቶ፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 1885፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1877 በከተራ ዕለት፣ አቡ ክሌያ በተባለ ስፍራ ደርቡሾች በአራት ማዕዘን የተሠለፈውን የእንግሊዝ ጦር ሰብረው በገቡ ጊዜ በጦር ተወግቶ በ42 ዓመቱ ሞተ። እነዚህም ደርቡሾች፣ ማለት የማህዲ ተከታዮች፣ ከአራት ዓመት በኋላ በመተማ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጉት ናቸው። ሥዕሉን በ1933 በሎንዶን የሚገኘው ብሔራዊ የሥዕለ ገጽ ቤተ መዘክር ገዝቶ አኖረው።