የወረስነው መብራት፦ ከኩራዝ እስከ መድረክ

በደራና በፎገራ ያደጉ ታላላቆቻችን የማታ ብርሃንን የሚያውቁት በኩራዝ ነው። ኩራዝ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ አዲስ ሆኖ የሚወጣ ዕቃ አልነበረም። ቆርቆሮ ሠሪው ያለቀበትን ጣሳ ቆርጦ ይበይደዋል፤ አፉን አጥብቦ ክር ያስገባበታል፤ ከዚያም ገበያ ያወጣዋል። የመድኃኒት ብልቃጥም ክዳኑ ተበስቶ ኩራዝ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌን ነገር ለብርሃን ማዋል ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበው ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ምድጃና ማንከሽከሻ ሆኖ ይወጣል።

ዛሬ ግን ወጣቶች እጅ የሚገባው አሮጌ ዕቃ ጣሳና ጎማ ብቻ አይደለም። የገናና የትንሣኤ ድራማ ሲዘጋጅ የመድረክ መብራት ይፈለጋል። አዲሱ ውድ ስለሆነም አንድ ትልቅ አዳራሽ የተካውን አሮጌ መብራት የሚለግስ ሰው ሲገኝ ደስታው ልዩ ነው። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን አሮጌ የመድረክ መብራት ከብርሃኑ ጋር ሌላም ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ምን እንደሚይዝ ለማወቅ ታሪኩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን መብራቱና መድረኩ የመጡት ተቀራርበው ነው። የኤሌክትሪክ ብርሃን በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890 ዓ.ም ገደማ በራ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ቴአትር በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል የታየው በ1913 ዓ.ም ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር ተብሎ ይጠራል። በ1927 ዓ.ም የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም ደግሞ ጣሊያኖች ለሲኒማ የጀመሩት ሕንፃ ተሠርቶ አልቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። ለመክፈቻው የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ታውቁታላችሁ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ ደራን ከጎጃም በሚለየው በዓባይ ላይ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም ነው። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ የባሕር ዳርን ከተማና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን አንቀሳቀሰ። በዙሪያው ያለው ገጠር ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከኩራዙ አልተላቀቀም። የመድረክ መብራት ለአንበሳሜ ልጆች ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያ ያልሆነው ለዚህ ነው። ዕቃው የሚደርሰን ሌላ ቦታ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የሠሩትና የተገለገሉበት ሰዎች የተማሩት ትምህርት ግን አብሮት አይደርስም። ትምህርቱ ደግሞ ብዙ ሕይወት ተከፍሎበታል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቴአትር ቤቶች መጀመሪያ በሻማና በዘይት፣ ከ1800ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ በጋዝ ይበሩ ነበር። ጋዙ ደማቅ ነው፤ ዳሩ ግን ነበልባል ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1881 በቪየና የሪንግ ቴአትር ከጋዝ መብራት በተነሣ እሳት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከ20 ቀን በኋላ በለንደን የሳቮይ ቴአትር ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርት በተመልካች ፊት ቆሞ፣ የበራ የኤሌክትሪክ አምፖል በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰበረ። ጨርቁ አልተቃጠለም። የሳቮይ መድረክ በዚያ ዕለት በኤሌክትሪክ በራ። ሰው ሁሉ እሳት ከቴአትር ቤት ወጣ አለ።

ሆኖም አልወጣም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ የኢሮኮይ ቴአትር የበዓል ሰሞን ትርኢት ሊያዩ የመጡ እናቶችና ልጆች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ከመድረኩ የኤሌክትሪክ አርክ መብራት የተነሣ ፍንጣሪ መጋረጃ ያዘ። እሳቱን ከተመልካቹ እንዲለይ የተዘጋጀው መከላከያ መጋረጃ ሲወርድ መሐል ላይ ተሰነከለ። በሮቹ ለሸሸው ሕዝብ ቶሎ የሚከፈቱ አልነበሩም። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮችና የሚበሩ የመውጫ ምልክቶች በሕግ እንዲጸኑ ካደረጉት አደጋዎች አንዱ ይህ ነው።

ከእንዲህ ያሉ እሳቶች በኋላ የቴአትር ሰዎች የማይቃጠል ነገር ሲፈልጉ አስቤስቶስን ያዙ። አስቤስቶስ ከዐለት የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ የሚፈተል፣ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። መጋረጃ ተሠራበት። የመድረክ መብራት ሙቀት የጎማ ሽፋን ስለሚያቀልጥ፣ ከአምፖሉ የሚወጡ ሽቦዎችም በአስቤስቶስ ክር ተሸፈኑ። የእንግሊዙ ስትራንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያመረተውና በብዙ ትንንሽ መድረኮች የታወቀው ፓተርን 23 ይህን ዓይነት ሽቦ ከነበራቸው መብራቶች አንዱ ነው።

የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሰውን ከእሳት ያድናል የተባለው አስቤስቶስ ራሱ ገዳይ ሆነ። ክሩ ሲያረጅ ይበናል። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ገብቶ ይቀራል። ካንሰር ሆኖ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ብሪታንያ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኞችን ከአቧራው ለመጠበቅ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ጨርሳ የከለከለችው ግን በ1999 ነው። በመጀመሪያ ሰዎች አያውቁም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች እያወቁ ዝም አሉ። በእነዚያ ዓመታት የተመረቱት መብራቶች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

አስቤስቶስ ብቻም አይደለም። ፍሎረሰንትና ሌሎች በጋዝ የሚበሩ አምፖሎች ሜርኩሪ ይይዛሉ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት ከተሠሩ መብራቶች ጋር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ማመጣጠኛ ሣጥን ደግሞ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊኖረው ይችላል። ኢትዮጵያ ፒሲቢንና መሰሎቹን የሚያስወግደውን የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች። በ2010 ዓ.ም ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 ወጥተዋል። እንግዲህ ያረጀ መብራት እንደ ጓሮ ጥራጊ የሚጣል ነገር አለመሆኑን ሕጋችንም ያውቃል።

ታዲያ የተለገሰንን መብራት ሁሉ እንመልስ ማለት ነው? አይደለም። ብዙው ይድናል። ፓር ካን የሚባለው ባለ አሉሚኒየም ቆርቆሮ መብራት ጠንካራ ነው፤ ሽቦው ንጹሕ ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አዲስ ሽቦና ማቀፊያ አድርጎለት ኤልኢዲ አምፖል ሊቀበል ይችላል። ትርፉም ቀላል አይደለም። ስድስት ባለ 1,000 ዋት አሮጌ አምፖሎች በ220 ቮልት ከ27 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ ተራ የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው። ስድስት ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ግን 3 አምፔር እንኳ አይሞሉም። ብረት አካል ያለው መብራት የመሬት ሽቦ ሳይታሰርለት አይበራም፤ ከማንጠልጠያው ሌላ የደኅንነት ሰንሰለት ሳይኖረውም ከልጆች ራስ በላይ አይሰቀልም።

ሽቦው በነጭ ወይም በግራጫ፣ ጥጥ በሚመስል ክር ተሸፍኖ ከተገኘ ግን እጅ ይሰብሰብ። አስቤስቶስ ይሁን የመስታወት ክር በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ እንደ አስቤስቶስ ይቆጠር። አይቆረጥ፣ አይጠረግ፣ በአፍም አይነፋ። መብራቱ እንዳለ በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቅለል፤ ምን እንደሆነ በትልቁ ይጻፍበት፤ ልጅ በማይደርስበት ክፍል ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያም ይነገር። ፍሎረሰንት ሳይሰበር በካርቶን ይቀመጥ። ዘይት ያንጠባጠበ ሣጥን አይከፈት። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አይቃጠል፤ ጉድጓድም አይጣል።

ለቆራሌውስ? ንጹሑ አሉሚኒየምና መዳብ ይሰጠው፤ እንጀራው ነው። አጠራጣሪው ግን ፈጽሞ አይሰጠው። ቆራሌው ብዙ ጊዜ እንደ እናንተ ወጣት ነው። መዳቡን ለማውጣት ሽፋኑን በእጁ ይልጣል ወይም በእሳት ያቃጥላል። አፉን የሚሸፍንበት ነገር የለውም፤ የነገረውም የለም።

አሁን በ1948 ዓ.ም ወደ ታየው ቴአትር እንመለስ። ኦርዮን ከንጉሡ የተቀበለውን ደብዳቤ ይዞ ወደ ጦር ግንባር ሲመለስ፣ የተሸከመው የራሱን ሞት እንደሆነ አላወቀም። ያወቀው ላኪው ነበር። ፓተርን 23ን መጀመሪያ በመድረካቸው የሰቀሉት ብዙዎች በሽቦው ውስጥ ምን እንዳለ አላወቁም። እኛ ግን ይህን ታሪክ አንብበናል። ከእንግዲህ በቆራሌው ጆንያ ውስጥ የምናስገባውን እያወቅን ነው።