ከርት ፍለድ፦ ዝውውሩን አልቀበልም ያለው የቤዝቦል ተጫዋች

በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ስፖርት ታሪክ የተጫዋቾችን የሥራ ውል መብት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ በመከራከር ስሙ የሚነሳው ከርት ፍለድ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1938 በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ተወልዶ ያደገው በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ነው።

ተጫዋቹ በ1956 ከሲንሲናቲ ክለብ ጋር ውል ከፈረመ በኋላ በደቡባዊ ግዛቶች ወደሚገኙ ዝቅተኛ ሊጎች ተላከ። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የዘር መድልዎ ሕግ ይሠራ ስለነበር ከነጭ የቡድን ጓደኞቹ ጋር በአንድ ምግብ ቤት መመገብ አይፈቀድለትም ነበር። በ1957 መጨረሻ ወደ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የተዛወረ ሲሆን፣ በዚሁ ክለብ ለ12 የውድድር ዘመናት ተጫውቷል።

የፍለድ ቦታ የሜዳው መሐል ጀርባ ነበር። በዚህ ስፍራ የሚቆም ተጫዋች ከሁሉም ሰፊ የሆነውን የሣር ሜዳ በሩጫ ሸፍኖ፣ ተመትታ በአየር ላይ የምትመጣውን ኳስ መሬት ሳትነካ በጓንቱ መቅለብ ይጠበቅበታል። ፍለድ በ1966 ሙሉውን የውድድር ዘመን ያለ አንዳች ስህተት የፈጸመ ሲሆን፣ ከ1963 እስከ 1969 በተከታታይ 7 ጊዜ የወርቅ ጓንት ሽልማት አግኝቷል። በመቺነትም በአማካይ ከ1ሺህ ሙከራ 293 ጊዜ ተሳክቶለታል። ክለቡ በ1964 እና በ1967 የወርልድ ሲሪስ ዋንጫን ሲያነሳ ዋነኛ ተሰላፊ ነበር። ይሁንና በ1968ቱ የፍጻሜ ውድድር በ7ኛው ጨዋታ፣ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ እያለ፣ የዲትሮይቱ ጂም ኖርዝራፕ የመታትን ኳስ አቅጣጫ በመሳቱ ኳሷ ከኋላው አርፋ ሁለት ተጋጣሚዎች ነጥብ አስቆጥረዋል። ዲትሮይትም ዋንጫውን ወሰደ።

በኦክቶበር 1969 ክለቡ ሳያማክረው ለፊላዴልፊያ አሳልፎ ሰጠው። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው ውል "የማቆያ አንቀጽ" የሚባል ድንጋጌ ነበረው። አንቀጹ የተጫዋቹ ውል ሲያበቃ ክለቡ በራሱ ፈቃድ ለአንድ ዓመት እንዲያድሰው ይፈቅዳል። ክለቦቹ ደግሞ የታደሰው ውል ይህንኑ አንቀጽ ጭምር እንደሚይዝ ይተረጉሙ ስለነበር እድሳቱ ማብቂያ አልነበረውም። ተጫዋቹ ወደ ተላከበት መሄድ አልያም ጨዋታውን መተው እንጂ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ፍለድ በዲሴምበር 24 ቀን 1969 ለሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን በጻፈው ደብዳቤ፣ ከ12 ዓመት አገልግሎት በኋላ ፈቃዱ ሳይጠየቅ እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ንብረት ሊቆጠር እንደማይገባ አስታወቀ። በዓመት 90 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ሰው ምን ያማርራል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እርሱም ደመወዙ ቢበዛ ባርያ ከባርነቱ እንደማይወጣ መልሷል። አነጋገሩ ለአንዳንዶች የተጋነነ ቢመስልም፣ የውሉን ቃል ላነበበ ሰው ጥያቄው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

በጃንዋሪ 1970 ክስ ሲመሠርት የጠበቆቹን ወጪ የተጫዋቾች ማኅበር ሸፍኗል። ጡረታ የወጣው ጃኪ ሮቢንሰን ቀርቦ መሰከረለት፤ በጨዋታ ላይ ከነበሩት ግን አንድም ሰው በችሎቱ አልተገኘም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 1972 በ5 ለ3 ድምፅ ፈረደበት። ሉዊስ ፓወል የተባሉት ዳኛ የካርዲናልስ ባለቤት በሆነው የቢራ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ስለነበራቸው ከጉዳዩ ራሳቸውን አግልለዋል። ፍርድ ቤቱ በ1922 ቤዝቦልን ከጸረ ሞኖፖሊ ሕግ ነፃ ያደረገው ውሳኔ ከሌሎች ስፖርቶች የተለየና ወጥነት የጎደለው መሆኑን ቢያምንም፣ ማስተካከሉ የምክር ቤቱ ሥራ ነው በማለት ሳይሽረው ቀርቷል።

ፍለድ በ1971 ለዋሽንግተን ሴነተርስ 13 ጨዋታዎችን ብቻ አድርጎ ወደ ስፔን ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልተመለሰም።

እርሱ በፍርድ ቤት ያጣውን ሌሎች በግልግል አገኙት። በዲሴምበር 1975 የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ፣ ክለቦች ውሉን ማደስ የሚችሉት ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን በመወሰን አንዲ መሰርስሚዝንና ዴቭ መክናሊን ነፃ አወጡ። በተከታዩ ዓመት በተደረሰው ስምምነትም 6 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ክለቡን ራሱ የመምረጥ መብት አገኘ።

ከርት ፍለድ በጃንዋሪ 20 ቀን 1997 በ59 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ በጉሮሮ ካንሰር አረፈ። በ1998 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በስሙ የተሰየመውን ሕግ የፈረሙ ሲሆን፣ ሕጉ የከፍተኛው ሊግ ተጫዋቾች በሥራ ጉዳይ የጸረ ሞኖፖሊ ሕጉ ጥበቃ እንዲያገኙ አድርጓል። ፍለድ ራሱ ሥራውን የጀመረባቸው የዝቅተኛ ሊጎች ተጫዋቾች ግን በሕጉ አልተካተቱም።