የዋለልኝን መጣጥፍ እንዴት እናንብብ?

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን «የብሔረሰቦች ጥያቄ በኢትዮጵያ» የተሰኘ መጣጥፍ በተማሪዎች «ታገል» መጽሔት ላይ አወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ይህ ሐተታ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ግን ገሚሱ እንደ ወንጌል ይጠቅሰዋል፤ ገሚሱ የመከራችን ሁሉ ምንጭ አድርጎ ያወግዘዋል። ውድ አንባብያን፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል፤ ይኸውም መጣጥፉ የታሪክ ጥናት ሳይሆን የሙግት ጽሑፍ መሆኑን ነው።

የሙግት ጽሑፍ የጠበቃ ሥራ ነው። ዋለልኝ፣ ኢትዮጵያዊ ለመሰኘት አማርኛ መናገርን፣ የኦርቶዶክስን እምነት መቀበልንና ሸማ መልበስን የሚጠይቅ ሥርዓት እውነተኛ አንድነት ሊባል አይችልም ሲል ይከሳል። ክሱ ብርቱ ነው፤ በዘመኑ በአደባባይ የማይነሣ ጉዳይ አንሥቷልና። ሕዝቦች በገበያ፣ በጋብቻና በፍልሰት ስለተሳሰሩበት ረጅም ታሪክ ግን ሰፊ ሐተታ አናገኝበትም። ጠበቃ የባላጋራውን ማስረጃ አያቀርብም። ጥፋቱ የሚጀምረው ጠበቃውን እንደ ዳኛ ስንሰማው ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህን አስቀድሞ የተናገረው ደራሲው ራሱ መሆኑ ነው። የጽሑፉ ዓላማ ውይይት መቀስቀስ እንደሆነ፣ ጥቅል አነጋገር እንደሚበዛበትና ትንታኔውም በቂ እንዳልሆነ በመግቢያው አስፍሯል። የመገንጠል ንቅናቄዎችንም ቢሆን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልደገፈም፤ ድጋፉን ከሶሻሊስት ዓላማ ጋር አስሮታል። አወዳሾቹም ሆኑ ነቃፊዎቹ እነዚህን መስመሮች ሲጠቅሱ እምብዛም አይሰማም።

የጋበዘውስ ውይይት? አርባ ቀን ያህል ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ዋለልኝም ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓዶቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ክርክሩ በውጭ አገር በነበሩ ተማሪዎች መካከል ቢጋጋልም፣ በአገር ቤት ተቃራኒ ሐሳቦች በነጻነት የሚፋለሙበት አደባባይ አልነበረም። ልክ በ22ኛው ዓመት፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 39ን የያዘው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። የቀኑ መግጠም ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ አንድ የተማሪ ጽሑፍ ብቻውን አገር አይሠራም፣ አያፈርስምም።

እንግዲህ የአንድ ወገን ሙግት ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ ምን ይላል? ምን ትቷል? ለማን መልስ እየሰጠ ነው? ከዚያም መልሳችንን በብዕር እንጻፍ። ብዕር ሲታገድ መልስ የሚሰጠው ጠመንጃ እንደሆነ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስተምረን የለም።