ሞተር ሳይኖረው የሚጫን መኪና፣ ቦታ ያጣ ጉልበት

ባለፈው ክረምት፣ ደቡብ አፍሪካ ፖርት ኤልዛቤት ልብስ የሚነግደው የእህታችን ልጅ አንድ ፎቶ ላከልን። ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፣ ጣሪያ የሌለው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ነው። ከሥሩ «ሞተር የለውም፣ እንዲሁ ኮንቴይነር ሊገባ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ነጋዴዎች ነንና መጀመሪያ የመጣልን ጥያቄ «ሞተር የሌለው መኪና ማን ይገዛል?» የሚል ነበር። የሚገዙት አሜሪካኖች ናቸው። ኮብራ የሚባለው የ1960ዎቹ መኪና ቅጂ እዚያው ከተማ ተሠርቶ፣ ሞተርና ካምቢዮ ሳይገጠምለት በመርከብ ይሄዳል፤ ሞተሩን እዚያ ያስገቡለታል። ደቡብ አፍሪካ እንደ ኬንያ የመንገዱን ግራ ይዞ የሚነዳበት አገር ነው፤ ለአሜሪካ የሚላከው ግን መሪው በግራ በኩል ተደርጎ ይሠራል። ሞያሌን ተሻግሮ የመንገዱ ጎን ሲቀየር ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ልጁ የነገረን ሌላም ነገር አለ። ከደንበኞቹ አንዱ ይህንኑ ቅጂ ገዝቶ ለራሱ ይነዳል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጉልበቱ መሪውን ይነካል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይነዳ ወገቡ ይያዛል። ወለሉን ዝቅ ላስደርግ ቢል ጓደኞቹ «ታሪክ ታበላሻለህ» ብለው ተቆጡት። እኛም «ለመሆኑ ታሪኩ ምንድን ነው?» ብለን ማንበብ ጀመርን።

የኮብራ አባት ካሮል ሼልቢ የቴክሳስ ሰው ነው። መኪና ውድድር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዶሮ አርቢ ነበር። የመጀመሪያው ዙር አተረፈለት፣ የሚቀጥለው ዙር ዶሮ ግን በበሽታ አለቀና ከሰረ። (ንግድ የጀመርን ሁሉ ይህቺን እናውቃታለን።) ከዚያ በኋላ የገበሬ ቱታውን እንደለበሰ ይወዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ1960 በልብ ሕመም ምክንያት ውድድር አቆመ። በ1961 ኤሲ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ሞተር የሚያቀርብለት ድርጅት ማምረት ሲያቆም፣ ሼልቢ ደብዳቤ ጻፈለት፦ የአሜሪካ ሞተር እናስገባበት አለ። ሞተሩን ፎርድ ሰጠ። በየካቲት 1962 የመጀመሪያው መኪና ሞተር ሳይኖረው በአውሮፕላን ሎስ አንጀለስ ደረሰ፤ ሞተሩ እዚያ ገባለት። እንግዲህ የፖርት ኤልዛቤቱ ሰማያዊ መኪና የሚሄድበት መንገድ አዲስ አይደለም። ዋናውም ኮብራ አካሉ ከአንድ አገር፣ ሞተሩ ከሌላ አገር መጥቶ የተገናኘ ዕቃ ነው። ሼልቢን በዚህ ሥራው ደላላ ብንለው አይከፋውም ብለን እናስባለን።

የሾፌሩ ችግርም የተወለደው ያን ጊዜ ነው። እንግሊዞቹ በ1953 ኤስ ብለው ያወጡት መኪና ሁለት ሊትር ሞተር የሚይዝ ትንሽ መኪና ነበር። ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆነ ሞተሩ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ለሾፌሩ እግር ቦታ ይተርፋል። የፎርዱ ሞተር ግን ስምንት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ የያዘ፣ ጎኑ የሰፋ ነው። በመጀመሪያ 4.2 ሊትር፣ ቀጥሎ 4.7፣ በ1965 ደግሞ ሻንሲው ሰፍቶ 7 ሊትር ገባበት። ሞተርና ካምቢዮ መሃሉን ሲይዙ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ነዳጅ መስጫው ወደ ጎን ተገፍተው ተጣበቡ። ሰውየው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ እግሩን በሰያፍ ይዘረጋል። የሞተሩና የጭስ ማውጫው ሙቀት ጫማውን ያግለዋል። ሰፊው መሪ ደረቱ ላይ ይመጣል፣ ክርኑ ውጭ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚነዱት ለማሸነፍ የመጡ ወጣቶች ስለነበሩ ምቾት የጠየቀ የለም። ቅጂውን የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ፣ ወገቡም እንደ ድሮው ያልሆነ ሰው ነው።

«ታሪክ ታበላሻለህ» ለሚሉት መልስ ያገኘንበት ታሪክ ከኮብራ ሳይሆን ከዘመዱ ከፎርድ ጂቲ40 ነው። 40 የተባለው ከፍታው 40 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ቆመን ወገባችን ላይ ይደርሳል ማለት ነው! ዳን ጉርኒ የሚባለው ተወዳዳሪ ደግሞ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ93 ነበር። የራስ ቁር ሲያደርግ ጣሪያው ስለማይበቃው፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን ጣሪያ ጉብታ አድርገው ሠሩለት። በሰኔ 1967 ጉርኒና ኤ.ጄ. ፎይት ጉብታ ባለው መኪና ለማንን አሸነፉ። ዛሬ ጉብታው በጉርኒ ስም ይጠራል፣ የቅጂ ሠሪዎችም ጉብታ ያለበትን ይሠራሉ። አንድ ረጅም ሰው ስላልተመቸው የተለወጠ ቆርቆሮ እኮ ነው።

በእርግጥ ዋናውን ኮብራ በመጋዝ የሚነካ ሰው ሀብቱን እየቆረጠ ነው፤ በ1960ዎቹ የተሠሩት 1000 ገደማ ብቻ ናቸው። ቅጂው ግን ሌላ ነገር ነው።

ልጁ ደንበኛውን ተከትሎ ጋራዥ ሄዶ ነበርና ሥራውን በስልክ ነገረን። መጀመሪያ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ወጥቶ ወንበሩ ወለሉ ላይ በብሎን ታሰረ፣ ስፖንጁም ሳሳ። ይህ ብቻውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሰጠው። አልበቃ ስላለ በሻንሲው ብረቶች መካከል ያለው ላሜራ ተቆርጦ ጎድጓዳ ወለል ተበየደለት። የሻንሲው ብረት ራሱ አይነካም፤ ጉድጓዱም መሬት እስኪነካ መውረድ የለበትም። ፔዳሎቹ ወደ ፊት ተገፉ፣ መሪው በትንሽ ተተካ፣ የእግር ቦታው ሙቀት በሚከላከል ንጣፍ ተለበጠ። ከሁሉ የገረመን ቀበቶው ነው። ወንበር ሲወርድ ወይም ሲነሳ ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታም መታየት አለበት። የትከሻው ቀበቶ ከትከሻ በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ከታሰረ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ወንበሩ ከፍ ካለ ደግሞ ጭንቅላት ከመከላከያው ብረት በላይ ይወጣል፣ መኪናው ቢገለበጥ ብረቱ ዋጋ የለውም።

ይህን ስንሰማ ዝም አልን። እኛ በጭነት መኪናችን ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር። ከሐዋሳ ሞያሌ የሚመላለሰው ሾፌራችን ወገቤን አመመኝ ሲለን ወፍራም ስፖንጅ ገዝተን «ይኸው፣ ተመቸህ» ብለን ሰጠነው። ጋሼ ጨዋ ሰው ነው፣ አመስግኖ ተቀበለ። አንድ ቀን ያቤሎ አካባቢ ግመል ገብቶበት ድንገት ፍሬን ሲይዝ ስፖንጁ ከሥሩ ተንሸራተተ፤ ቀበቶው ከዳሌው ወደ ሆዱ ወጥቶ ጎዳው። ሁለት ሳምንት ተኛ። እኛ በየቤቱ የምናወራው ግን ስለ ግመሉ ነበር።

በመስከረም ሜትር ይዘን ጋራዥ ሄድን። ጋሼን ወንበሩ ላይ አስቀምጠን ከጉልበቱ እስከ መሪው፣ ከእግሩ እስከ ፍሪሲዮኑ ለካን። በያጁ የወንበሩን እግር አራት ሳንቲ ዝቅ፣ ስድስት ሳንቲ ወደ ኋላ አደረገው። ስፖንጁን ጋሼ ራሱ አውጥቶ ለጋራዡ ዘበኛ ሰጠው።