የኢምቤድድ ሶፍትዌር የፍተሻ ዳታን በኮምፒውተር ማመንጨት

ኢምቤድድ ሶፍትዌር በባቡር፣ በመኪና፣ በአውሮፕላን ወይም በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ተጭኖ ሴንሰር የሚልክለትን ቁጥር እያነበበ ሞተርና ፍሬን የሚያዝ ፕሮግራም ነው። መፈተሻ የሚሆኑትን ቁጥሮች ሰው አንድ በአንድ ከሚጽፍ ሌላ ፕሮግራም እንዲፈጥራቸው ማድረግ የፍተሻ ዳታን በራስ ሰር ማመንጨት ይባላል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ከደጋው ተነሥቶ፣ በድሬዳዋ ሙቀት አልፎ፣ እስከ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል፣ በእንዲህ ያለ ባቡር መቆጣጠሪያ ውስጥ «ፍጥነቱ ልክ 120 ከሆነ ኃይል ቀንስ» የሚል መስመር አለ እንበል። ፍጥነቱ በ16 ቢት ከተጻፈ 65,536 ቁጥሮች ሊመጡ ይችላሉ፤ በዘፈቀደ የሚመርጥ ፕሮግራም በአንድ ሙከራ 120ን የማግኘት ዕድሉ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ርቀት የሚለካ ዘዴ ተፈለገ፦ 95 ቢሞከር 25 ይቀራል፣ 112 ቢሞከር 8 ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ርቀቱ እያነሰ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይከተላል። ዌብ ሚለርና ዴቪድ ስፑነር ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳዩ። በዚያው ዓመት ጄምስ ኪንግ ግብዓቱን እንደ አልጀብራ «ሀ» ቆጥሮ ስሌቱን የሚፈታ ሌላ ዘዴ አቀረበ።

ትልቁ ጥቅም ግን ሰው የማያስበውን ቁጥር ማምጣቱ ነው። ለምሳሌ የሙቀት ሴንሰር ቢሆን፣ ፈታሽ የሚያውቀውን ሙቀት ይጽፋል፤ የተበጠሰ የሴንሰር ሽቦ ግን ከ0 እስከ 1023 በሚያነብ መሣሪያ ላይ ጫፉን ሊያሳይ ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የሐዘን ታሪክም አለው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር ያለውን አንግል የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሚሰማው አንዱን ብቻ ስለነበር አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ።

እንዲህ ያለ የተጣረሰ ጥንድ ቁጥር ማመንጨት ለኮምፒውተር ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ በዚያ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ያለበት መሐንዲሱ ነው፣ ከባዱ ሥራም ይኸው ነው። ከአደጋው በኋላ የተሻሻለው ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ 5.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ሥራ አይጀምርም።